ወንጀልን በሳይኬዴሊክ ሕክምና ማስተው፦ የወሎ ቤተሰቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጁ ከማረሚያ ቤት የሚወጣበትን ቀን የሚጠብቅ ወላጅ “በውጭ አገር ወንጀለኛን በእንጉዳይ ያድናሉ” የሚል ወሬ ቢሰማ መጓጓቱ አይገርምም። የሚወራው ስለ ሳይኬዴሊክ ነው፤ ስሜትንና አስተሳሰብን ለጊዜው ስለሚለውጡ፣ ከአንዳንድ እንጉዳዮችም ስለሚገኙ ዕጾች። ጉጉቱ ግን ወደማይሆን ነገር ሊወስደው ይችላል።

የተነገረውን ቁጥር ሳይጠይቁ መቀበል። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1963 አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ፣ ኮንኮርድ እስር ቤት፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቲሞቲ ሊሪና ባልደረቦቹ ለ32 ታራሚዎች ሲሎሳይቢን የሚባለውን የእንጉዳይ ንጥረ ነገር ከቡድን ምክክር ጋር ሰጡ። ተመልሶ የሚታሰረው ሰው በእጅጉ ቀነሰ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሪክ ዶብሊን የተባለ ተመራማሪ መዝገቡን መልሶ ሲፈትሽ የተባለው ለውጥ አልነበረም። ሊሪ ከተፈቱ በአማካይ 10 ወር የሆናቸውን የራሱን ሰዎች፣ ከተፈቱ 30 ወር ከሞላቸው ሌሎች ጋር ነበር ያወዳደረው። ከእስር ወጥቶ ብዙ ወር የቆየ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ የመታሰር ዕድሉ ይበልጣል። “ይህን ያህል ሰው ዳነ” ሲሉዎት፣ ከተፈታ ስንት ጊዜው ነው ብለው ይጠይቁ።

በሜዳ የበቀለውን መሞከር። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አጤ ፋሪስ የሚያስቃዥ ቢሆንም ሳይኬዴሊክ አይደለም፤ ልብን የሚያስሮጥ፣ ሊገድልም የሚችል መርዝ ነው። ከየጅብ ጥላውም ጉበት የሚያጠፋ አለ። በጥናት የሚሰጠው ሳይኬዴሊክ ግን መጠኑ የተለካ መድኃኒት ነው። ታማሚው አስቀድሞ ይመረመራል፣ ባለሙያዎች ለሰዓታት አጠገቡ ይቆያሉ፣ ምክክሩም በኋላ ይቀጥላል። በስኪዞፍሬኒያ የታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥናቱ አይካተትም። በአገራችን ሕክምናው አይሰጥም፤ ዕጹን ያለ ፈቃድ መያዝም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስጠይቃል። ልጁን ከወንጀል እናውጣ ብሎ መልሶ ማሳሰር ይመጣል።

ሕክምናውን ከአመክሮ ጋር ማያያዝ። “ከወሰድክ ቶሎ ትፈታለህ” የተባለ ታራሚ በነፃነት ፈቀደ አይባልም።

ከእስር በኋላ ያለውን ኑሮ መርሳት። ዶብሊንም ሕክምናው ከተፈቱ በኋላ ከሚደረግ ድጋፍ ጋር ተጣምሮ እንዲጠና ነው የጠየቀው። በወሎ ደግሞ ነፍስ ያጠፋ ሰው ወደ ቀየው ሲመለስ የሟች ወገን ይጠብቀዋል። ያንን ፍርሃትና ቂም የትኛውም መድኃኒት አይፈታውም፤ ደም ማድረቅ፣ ማለትም የገዳይንና የሟችን ወገን ማስታረቅ፣ የአበጋሮች (የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች) ሥራ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው እነሱ ናቸው። የሚፈታበት ወር እንደታወቀ አበጋሮቹን ቀድመው ያነጋግሩ፣ የሚውልበትን ሥራም ከወዲሁ ያፈላልጉለት። እንቅልፍ ካጣ ወይም ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት።