ልጅ ሲመጣ ወዳጅ የሚያሳጡን ስህተቶች

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ታናሺቱ ገና ሁለት መድፈኗ ነው። ጎንደር አርባ አራት ታቦት ይባላል፤ ጽዋው፣ ዝክሩ፣ ንግሡ አያልቅም። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው እንዴት ወዳጅ አጥቶ ይቀራል? እኔ ቀርቼ አይቻለሁ። ያበላሸሁትን ልንገራችሁ።

ክርስትናን የአንድ ቀን ድግስ ማድረግ

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ለዚያች ቀን ጠላ ይጠመቃል፣ በግ ይታረዳል፣ ብድር ሁሉ ይገባል። ከዚያስ? የልጄ የክርስትና አባት እዚሁ ጎንደር አዘዞ ነው የሚኖረው፣ እኛ ማራኪ። ስንት ዓመት ሙሉ በስልክ "እንጠያየቅ እንጂ" ስንባባል ኖርን። አበልጅ እኮ ዘመድ ነው፤ እንደ ሥጋ ዘመድ ስለሚቆጠር ጋብቻ እንኳ አይታሰብም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ስንገናኝ ልጄ ቀሚሴ ሥር ተደበቀ። አበልጄ ሳቀ፣ እኔ አፈርኩ።

አሁን በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ይወስደዋል። ትልቅ ነገር የለውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይገቡና ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ይቆጥራሉ። ጨርሰው አያውቁም። ልጁ ሃያ አካባቢ ሲደርስ ይጠፋበትና "እንደገና!" ይላል።

ቤቱ እስኪስተካከል መጠበቅ

የከፋው ይሄ ይመስለኛል። "ቤቱ ተዝረክርኳል፣ ልጆቹ አያስወሩም፣ ሌላ ቀን ኑ።" ያ ሌላ ቀን አይመጣም። እኔ ቤት ቡና እንዲህ ነው፦ አቦል ላይ አንዷ ታለቅሳለች፣ ቶና ላይ ሌላው ስኒ ይሰብራል፣ በረካ ላይ ሁለቱም ይተኛሉ። ጨዋታው ያኔ ነው የሚደራው። ከሰሉንና ጀበናውን ብቻ ልጅ ከማይደርስበት ጥግ አድርጉ። ለቁርሱም አትጨነቁ፤ ቆሎ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል።

ጽዋውን መተው

"ልጆቹ ሲያድጉ እመለሳለሁ" ብዬ በ21 ከምንጠጣው የማርያም ጽዋ ቀረሁ። ሙሴው፣ የጽዋው መሪ ማለት ነው፣ ደውለው "ተራሽን ለሌላ እንስጥ ወይስ ዳቦውን እኛ እንድፋልሽ?" አሉኝ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል አስቤውም አላውቅ። አሁን ተራዬ ሲደርስ ሁለት ሴቶች በዋዜማው መጥተው ድፎውን ይደፋሉ፣ እኔ ልጆቹን አስተኛለሁ። ልጆቹም ጸበል ጻድቁን ለምደው "ማርያም መቼ ነው?" ይሉኛል።

በልጆች ጠብ መቀያየም

ልጆች ተጣልተው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አብረው ይሯሯጣሉ። እናቶች ግን ዓመት ይኮራረፋሉ። እኔም አንዴ ወዳጄን በሰው ፊት "ልጅሽን አትቆጪውም?" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ዝም። ከሦስት ወር በኋላ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" አለ፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። እጅ ነሳኋት፤ እሷም ነሳችኝ። እስከ ፒያሳ አብረን ወረድን። ስለ ጠባችን አንድ ቃል አልተነፈስንም፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ግን ብዙ አወራን። የሌላ ሰው ልጅ ካጠፋ ለእናቱ ለብቻዋ መንገር ነው።

ማወዳደርም አለ። "የእሷ ልጅ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይላል፣ አንተ ግን..." ልጁም ያን ልጅ ይጠላዋል፣ እናትየዋም ትሰማለች።

ልጅ የሌለውን ወዳጅ መራቅ

ይሄን በደግነት ነው የምናደርገው። "ልጅ ልጅ ስንል ይከፋታል" ብለን ሳንጠራት እንቀራለን። ያላገባች ጓደኛዬን ሁለት ልደት ሳልጠራት ቀረሁ። በኋላ "እኔ ላይ ምን አይተሽ ነው?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ባለፈው ፍልሰታ ልጆቹን ለማቁረብ ብቻዬን ስንገላታ አይታ ታናሺቱን ተቀብላኝ አዘለቻት። እኔ ሳዝላት የምትጮኸው ልጅ እሷ ጀርባ ላይ ጭጭ አለች። ቆርባ ስንመለስም አልወርድ አለች።