የምትቀቢው ሁሉ ፊትሽን ካቃጠለሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው አንዲት ጓደኛዬ የመታጠቢያ ቤቷን መደርደሪያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አስራ አንድ ዕቃ ቆጠርኩ። ከሥሩ «የቱ ነው የሚያቃጥለኝ?» ብላ ጽፋለች። አስራ አንድ ነገር ተቀብቶ ማን ሊለየው ነው?

«ቆዳዬ ሰንሲቲቭ ነው» የምንል ብዙ ነን። ከልጅነቷ ጀምሮ ችፌ ወይም አስም ያለባት ሴት እውነትም ቆዳዋ ቶሎ ይቆጣል። የብዙዎቻችን ግን በገዛ እጃችን ያመጣነው ነው። ስለዚህ እዚህ ከምትገዢው ይልቅ የምትተዪው ይበዛል፣ እወቂው።

ታጥበሽ ስትጨርሺ ፊትሽ ይወጠራል

ፎጣውን ሳታስቀምጪ ጉንጭሽ እንደ ከበሮ ከተወጠረ «ተስማማኝ፣ ጸዳሁ» ብለሽ እንዳትደሰቺ። ጥፋተኛው ሳሙናው ነው። ቆዳችን በተፈጥሮው ትንሽ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 ሲያንስ አሲድ ነው) 5 አካባቢ። ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል፣ ቆዳው ራሱን የሚጠብቅበትን ስብ ጠርጎ ነው የሚሄደው። ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ይብሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አየሩ ራሱ ከንፈር ይሰነጥቃል።

ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ብቻ ተለቃለቂ። ማታ ሽታ የሌለውና ብዙ አረፋ የማያወጣ የፊት ማጠቢያ ይበቃል፣ እሱንም በጣቶችሽ፣ በጨርቅ ሳትፈገፍጊ። ፎጣውን ጫን ጫን አድርጊበት እንጂ አትሺው። ፊትሽ ገና እርጥብ እያለ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳያልፍ፣ ሎሽንሽን ተቀቢ። ደርቆ ካለቀ በኋላ የምትቀቢው ግማሽ ሥራ ነው።

ግሊሰሪን ሁሉም ቤት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ጥሩም ነው። ነገር ግን ንጹሑን፣ ምንም ሳይቀላቀልበት በደረቅ ቀን ከተለቀለቅሽው ውሃውን ከራስሽ ቆዳ ይስበዋል፣ ከዚያ «ግሊሰሪን አልተስማማኝም» ይመጣል። መዳፍሽ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጊና በሦስት አራት እጥፍ ውሃ አቅጥኚው፣ ከላዩ በጣም ስስ ቫዝሊን ድረቢበት።

የምትቀቢው ሁሉ ያቃጥላል፣ ድሮ የሚስማማሽ ሎሽን እንኳ

የጭቃ ቤት አስቢ። ምርጊቱ ሲረግፍ ነፋሱም ብርዱም ይገባል። ቆዳም እንደዚያ ነው፣ በሴሎቹ መካከል ያለው ስብ ሲያልቅ ሌላ ጊዜ የማያስቸግረው ነገር ሁሉ ዘልቆ ይገባና ይለበልባል። የሚያረግፈው ምንድን ነው? ስክራብ፣ ስኳር በማር ማሸት፣ በአንድ ሳምንት የተጀመሩ ቫይታሚን ሲ እና ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት)፣ እና ሎሚ። ኧረ ሎሚ! ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው። ተቀብተሽው ፀሐይ ከወጣሽ ደግሞ ሊያቃጥልሽና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተውብሽ ይችላል። «ተፈጥሯዊ ነው» ትይኛለሽ። ሳማም ተፈጥሯዊ ነው።

መፍትሄው አሰልቺ ነው። ለአራት ሳምንት ሁሉንም ታቆሚያለሽ። የሚቀረው ለስላሳ ማጠቢያ፣ ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም ቫዝሊን፣ ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ። በቃ። አራት ሳምንት ያልኩት የላይኛው ቆዳ ራሱን ለመተካት አንድ ወር ገደማ ስለሚፈጅ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ፊትሽ ያስጠላሻል፣ እጅሽም ወደ መደርደሪያው መሄዱ አይቀርም። ዕቃዎቹን በፌስታል አስረሽ ከዓይንሽ አርቂያቸው።

ክሬሙን ስታቆሚ ፊትሽ ይነዳል፣ ስትቀቢው ይበርዳል

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ፣ ምክንያቱም እኔም አልፌበታለሁ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ደርሶ ነበር። አንድ ሱቅ ገባሁና ሻጯ ከሦስት ቱቦ እየጨመቀች በማንኪያ አዋህዳ ስም በሌለው ነጭ ብልቃጥ ሰጠችኝ። በአምስተኛው ቀን ፊቴ መስታወት ሆነ። ሰርጉ ላይ ያላደነቀኝ የለም። በሦስተኛው ወር ግን ለሁለት ቀን ክፍለ ሀገር ስሄድ ረስቼው ሄድኩና ሌሊቱን በማሳከክ ነጋ፣ በአፌ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር ወጣ። ተመልሼ ቀባሁት፣ ጸጥ አለ። ጉንጬ ላይ ፀጉር መብቀሉን ያየሁት ያኔ ነው።

ሐኪሟ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር፣ «ስታቆሚው ይብሳል፣ ስትቀቢው ይሻላል?» አዎ። እንግዲያው ስቴሮይድ ነው አለችኝ፣ የቆዳን ቁጣ የሚያፍን መድኃኒት። እንዲህ ያሉ ቅልቅሎች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ይገኛል። ክሎቤታሶል ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው፣ ለፊት አይታዘዝም ማለት ይቻላል። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። ደግሞ የእኛ ቆዳ ሲቆጣ እንደ ፈረንጅ ቀልቶ ላይታይ ይችላል፣ ይጠቁራል ወይም አመድማ ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትይ፣ ሙቀቱንና ማቃጠሉን አዳምጪ።

ከጥቂት ሳምንት በላይ ተቀብተሽ ከሆነ ብቻሽን አትታገዪው። ብልቃጡን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ነው። አንዳንዷን በአንዴ ያስቆሟታል፣ አንዳንዷን ደከም ወዳለ መድኃኒት እያሸጋገሩ ያወርዷታል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመሃል ይብስብሻል፣ እሱ የክሬሙ መውጫ ነው፣ ተመልሰሽ እንዳትቀቢው።

ማንጫ ክሬም ውስጥ ሌሎችም አሉ። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለዓመታት ከተቀባ ፊትን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያለብሰዋል፣ ያንን ማስለቀቅ ደግሞ ከባድ ነው። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ኩላሊት ይጎዳል፣ በፎጣና በትራስ ለልጆችም ይተላለፋል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ንጥረ ነገሩ ያልተጻፈበትን ነገር ጭራሽ አትንኪ።

ግንባርሽ ላይ ብቻ ጥቃቅን ነገር ወጣ

ቅቤ ነው። ወይም የፀጉር ዘይት። ተቀብተሽ ሻሽ አስረሽ ስትተኚ ቀልጦ ወደ ግንባርሽ ይወርዳል። ከፀጉር መስመር ሁለት ጣት ራቂ፣ ጠዋት ግንባርሽን እጠቢ፣ የትራስ ልብስሽን ቀይሪ።

የአፍንጫሽ ጎንና ቅንድብሽ እየተላጠ ቢጫ ቅርፊት ካለው ግን ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል። የፎሮፎር ዘመድ ነው፣ እርሾ መሰል ፈንገስ አለበት፣ የወይራ ዘይት ስትቀቢው ትቀልቢዋለሽ። ፋርማሲ ስለ ፈንገስ ማጥፊያው ኬቶኮናዞል ጠይቂ።

የዓይን ቆብ፣ አንገት ወይም ጆሮ ብቻ የሚያሳክክ ከሆነ

ከፊት ክሬምሽ በፊት ሌላውን ጠርጥሪ። ለዓይን ቆብ የጥፍር ቀለም (በእጅሽ ታሺዋለሽ)፣ ለአንገት ሽቶ፣ ለጆሮ አርቴፊሻል ጌጥ፣ ለፀጉር ዳርቻ የፀጉር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና። ፊትሽ ካበጠ ወይም ውሃ ካዘለ በዚያው ቀን ታከሚ፣ መተንፈስ ካቃተሽ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል።

ማድያቱ አልለቅ አለ

ፀሐይ ሳትከላከዪ የምትቀቢው ማድያት ማጥፊያ ብር ማባከን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ አይሰማሽም እንጂ ያቃጥላል። የፀሐይ መከላከያሽ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለቁጡ ቆዳ ይሻላል፣ ችግሩ ነጭ ያደርጋል፣ ዱቄት ቤት የዋልሽ ያስመስልሻል። ቡናማ ቀለም ያለውን ፈልጊ። ለመልኩ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ጃንጥላና ሰፊ ኮፍያም አይከፋም፣ ነጠላ ግን ስስ ነው፣ አትመኚበት።

አራቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ አዲስ ነገር መሞከር ካማረሽ አንድ በአንድ። ክርንሽ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቦታ ምረጪና ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን እዚያው ቀቢ። ካላሳከከሽ ወደ ፊትሽ ውሰጂው። ጓደኛዬ ከአስራ አንዱ አንዱን መርጣ አምስተኛ ቀኗን ይዛለች፣ ክንዷ እስካሁን ዝም ብሏል።