ከደሴና ከኮምቦልቻ አሜሪካ ለምትሄዱ፦ ለስላሳ ስታዝዙ

ደሴ ፒያሳ ካፌ ገብታችሁ «ለስላሳ ምን አለ?» ብትሉ አስተናጋጇ ኮካ፣ ሚሪንዳ፣ ስፕራይት እያለች ትደረድርላችኋለች። አሜሪካ ግን የወል ስሙ እንደ አካባቢው ይለያያል። ኒውዮርክ፣ ቦስተን ወይም ካሊፎርኒያ ከሆነ «ሶዳ» በሉ፤ ሚኒሶታና ሚሺገን «ፖፕ» ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ደቡቡ ነው። ኮካ ኮላ በ1886 እ.ኤ.አ. በተፈጠረባት አትላንታና በአካባቢዋ ብዙ ሰው ማንኛውንም ለስላሳ «ኮክ» ይለዋል (ፍሬው አይደለም)። «ኮክ ልጋብዝህ?» ያላችሁ ሰው ስፕራይትም አስቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትፈልጉትን በራሱ ስም ጠርታችሁ እዘዙ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን አምቦን ነው። እኛ ዘንድ ክትፎ ከበላን በኋላ «አምቦ አምጪልኝ» ካልን ጋዝ ያለው ውሃ ከች ይላል። እዚያ «ስፓርክሊንግ ዋተር» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ አታገኙትም። «ዋተር» ብቻ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላችሁ በረዶ የሞላበት ተራ ውሃ ነው። ቅዝቃዜ የማይስማማቸውን እናቶቻችንን የምትልኩ፣ «ኖ አይስ» ማለትን ከመሳፈራቸው በፊት አስጠኗቸው።