በአትላንቲክ ካናዳ የውጭ ሠራተኛ እንዴት ይቀጠራል? እንዴትስ ይቆያል?

ኖቫ ስኮሺያ፣ ኒው ብራንስዊክ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር፤ እነዚህ አራት የካናዳ ክፍለ ሀገሮች የጋራ ችግር አለባቸው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል፣ የቀረው ሕዝብ ያረጃል፣ ቀጣሪው ሰው ያጣል። ለዚህ ተብሎ የአትላንቲክ ኢሚግሬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 በሙከራ ተጀመረ፤ ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ደግሞ ቋሚ ሆኗል። ቀጣሪው ኤል.ኤም.አይ.ኤ. የሚባለውን የሥራ ገበያ ምዘና ማለፍ አያስፈልገውም፤ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ለቋሚ መኖሪያ ያመለክታል።

ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ቋሚ መኖሪያ ያገኘ ሰው በካናዳ ሕገ መንግሥት መሠረት በፈለገው ክፍለ ሀገር የመኖርና የመሥራት መብት አለው። በወረቀት አስሮ ማቆየት አይቻልም። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ «ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላም እዚህ ይኖራል ወይ?» የሚለውን እያሰቡ የሚሠሩ ናቸው።

1. የሥራውን ኮድ መለየት

ካናዳ እያንዳንዱን ሥራ ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ሰጥታዋለች። ከግራ ሁለተኛው አሃዝ «ቲር» የሚባለውን የሥራ ደረጃ ይነግራል። ፕሮግራሙ የሚቀበለው ከ0 እስከ 4 ያሉትን ብቻ ነው። ምግብ አብሳይ 63200 ስለሆነ ቲር 3 ነው፤ ያልፋል። የወጥ ቤት ረዳት ግን 65201 ነው፣ ቲር 5፤ አያልፍም። የቤት ለቤት ተንከባካቢ 44101 ቲር 4 ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ረዳቱን «አብሳይ» ብሎ መጻፍ ነው። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሹም የሚያየው የሥራውን ስም ሳይሆን የዕለት ተግባሩን ነው። ሰሃን የሚያጥበውን ሰው በአብሳይ ኮድ ማስገባት ማመልከቻውን ያስጥላል፤ የቀጣሪውንም ስም ያበላሻል።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራና በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት የሚሰጥ መሆን አለበት። በዓሣ ወቅት ብቻ የሚከፈት ፋብሪካ እዚህ ላይ ይወድቃል። ከቲር 0 እስከ 3 ከሆነ፣ ሠራተኛው ቋሚ መኖሪያ ካገኘበት ቀን አንስቶ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቆይ ሥራ መቅረብ አለበት። ቲር 4 ከሆነ ግን ማብቂያ የሌለው ቋሚ ቅጥር ይጠየቃል።

2. ከክፍለ ሀገሩ እውቅና ማግኘት

ቀጣሪው ለክፍለ ሀገሩ አመልክቶ «እውቅና ያለው ቀጣሪ» መባል አለበት። ድርጅቱ በዚያው አስተዳደር ሥር ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ፣ ከሕግ ጋር ያልተጋጨ ሊሆን ይገባል። ሁለት ዓመቱ ብዙ ሰው ያሰናክላል፦ ሃያ ዓመት የቆየ ምግብ ቤት ባለፈው ዓመት ገዝተው ከሆነ፣ አስተዳደሩ ስለተቀየረ የሻጩ ዕድሜ አይቆጠርልዎትም። ከዚህ በተጨማሪ ስለ ፕሮግራሙ አሠራርና ከልዩ ልዩ ባህል ከመጡ ሰዎች ጋር ስለመሥራት የሚሰጡትን ሥልጠናዎች መውሰድ ግዴታ ነው። ብዙዎች ለይስሙላ ያልፉታል። የሁለተኛው ሥልጠና ጥቅም የሚታየው ግን ሠራተኛው ከመጣ በኋላ ነው።

3. የሚያሟላ ሰው መምረጥ

ሠራተኛው ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1,560 ሰዓት ደመወዝ የተከፈለበት ልምድ ይኖረዋል። ይህ በሳምንት 30 ሰዓት ለአንድ ዓመት ማለት ነው፤ በሳምንት 60 ሰዓት ሠርቶ በስድስት ወር መጨረስ አይቻልም። የግል ሥራ አይቆጠርም፤ ያለ ክፍያ የተሠራም እንዲሁ። በአትላንቲክ ክፍለ ሀገሮች ባለ የመንግሥት ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተምሮ የተመረቀ፣ ከምረቃው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥም ቢያንስ 16 ወር እዚያው የኖረ ሰው ከልምዱ ነፃ ነው። ይህ ሰው ክረምቱን አይቶ የቀረ ስለሆነ፣ በእኛ ግምት መጀመሪያ መፈለግ ያለበት እሱ ነው።

ለቲር 0 እና 1 ቢያንስ የአንድ ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ ለሌሎቹ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይጠየቃል። ከካናዳ ውጭ የተገኘ ከሆነ የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ያስፈልገዋል።

ቋንቋ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ለቲር 4 የካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 4፣ ለሌሎቹ ደረጃ 5 ነው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ደረጃ 5 ማለት በማዳመጥ 5.0፣ በማንበብ 4.0፣ በመጻፍ 5.0፣ በመናገር 5.0 ነው። አማካይ አይወሰድም፤ አንዱ ከጎደለ ሁሉም ወደቀ። የሚቀበሉት «ጄኔራል» የሚባለውን ፈተና ሲሆን፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚፈተኑት «አካዳሚክ» አያገለግልም። ውጤቱ ደግሞ ለሁለት ዓመት ብቻ ይሠራል።

ሠራተኛው ወይም የትዳር ጓደኛው ከግማሽ በላይ ድርሻ ያለው ድርጅት የሥራ ቅጥር ሊያቀርብለት አይችልም። ለራስ ሥራ ለመስጠት ድርጅት መክፈትም ስለዚህ አያዋጣም።

4. የመቋቋሚያ ዕቅድ እና የድጋፍ ሰርተፊኬት

ቀጣሪው የሥራ ቅጥር ቅጹን፣ አይ.ኤም.ኤም. 0157ን፣ ሞልቶ ይፈርማል። ሠራተኛው ደግሞ አዲስ መጪዎች እንዲቋቋሙ ከሚያግዝ አገልግሎት ሰጪ ጋር ተነጋግሮ የመቋቋሚያ ዕቅድ ያወጣል፤ ክፍያ የለውም። ሃሊፋክስ ላይ ይህን ከሚሠሩት አንዱ አይሳንስ የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ ሴንት ጆንስ ላይ የአዲስ ካናዳውያን ማኅበር አለ። ከዚያ ቀጣሪው ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ለክፍለ ሀገሩ ያስገባል። ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ አስቀድሞ የፍላጎት መግለጫ አስገብቶ ግብዣ መጠበቅን ይጠይቃል። ክፍለ ሀገሩ ከተቀበለው የድጋፍ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ሠራተኛው ይህ ሰርተፊኬት ሲደርሰው ጊዜው ሳያልፍ ለፌዴራሉ መንግሥት ለቋሚ መኖሪያ ያመለክታል።

5. ቶሎ ከተፈለገ የሥራ ፈቃድ

ቋሚ መኖሪያው እስኪመጣ መጠበቅ ካልተቻለ፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚሠራ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ። ለዚህ ከክፍለ ሀገሩ የሚሰጥ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቀጣሪው ቅጥሩን በፌዴራሉ የቀጣሪዎች ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ 230 ዶላር ይከፍላል። ይህን ከሠራተኛው ደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የደላላ ክፍያ ማስከፈልም እንዲሁ። ሥራ በሚጀምርበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት የተፈረመ ውል በእጁ መግባት አለበት። ደመወዙ ከተጻፈው ካነሰ ወይም ሰነዶች ለስድስት ዓመት ካልተቀመጡ፣ ቅጣቱ በአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ፓስፖርት ይዞ ማቆየት ደግሞ በጭራሽ የማይሞከር ነው።

6. እንዳይሄድ ማድረግ

ሰው የሚለቀው ብዙ ጊዜ በደመወዝ ሳይሆን በቤት፣ በመኪናና በትዳር ጓደኛ ምክንያት ነው። ከመምጣቱ በፊት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድርበት ቤት ይዘጋጅ። አውቶቡስ በሌለበት ገጠር መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ድረስ ማን እንደሚያደርሰው በስም ይወሰን፤ «አንዱ ያደርሰዋል» ከተባለ በሁለተኛው ሳምንት የሚያደርሰው ይጠፋል። የመጀመሪያው ቀን ሰርቪስ ካናዳ ወደሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ቢሮ ወስዶ የማኅበራዊ መድን ቁጥር ማስወጣት ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ከሆነ በ811 ደውሎ የቤተሰብ ሐኪም ወረፋ ያስይዝ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በጊዜ መመዝገብ ይሻላል።

ለትዳር ጓደኛው የመሥራት ፈቃድና የሥራ ዕድል እንዳለ ቅጥሩ ሳይፈረም በፊት ይጠየቅ። አንዱ እየሠራ ሌላው ቤት ተቀምጦ ክረምት ያሳለፈበት ቤተሰብ በሚቀጥለው በጋ ዕቃውን ይጭናል። ብዙ ሠራተኛ የሚቀጥር ድርጅት ከተለያየ ቦታ አንድ አንድ ሰው ከሚያመጣ፣ ከአንድ አካባቢ ሁለት ሦስት ሰው ቢያመጣ ይመረጣል፤ ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው በአቅራቢያ ካለ ናፍቆቱ ይቀንሳል።

በስድስተኛው ወር ላይ ከአለቃው ውጭ የሆነ ሰው ብቻውን ያነጋግረው። ጊዜያዊ ፈቃዱ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሠራተኛው ቅሬታውን ለአለቃው ፊት ለፊት አይናገርም፤ ዝም ብሎ ቋሚ መኖሪያው እስኪመጣ ይጠብቃል። የፈረቃ፣ የትርፍ ሰዓት ወይም የስድብ ችግር ካለ፣ ያኔ ከተሰማ ለማስተካከል ጊዜ አለ።