የሐበሻ ልብስ ስትገዙ ብሩ ሸማኔው ጋ እንዲደርስ

ልብሱ ተወደደ ማለት ሸማኔው ተጠቀመ ማለት አይደለም። ክር አቅራቢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለሱቁ ሁሉም ድርሻውን ያነሳል፤ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መወርወሪያ ሲወረውር የዋለው ሸማኔ ግን የሚከፈለው በቁራጭ ነው። ስለዚህ ውዱን መርጦ መግዛት ብቻውን ለሱ ጠብ የሚል ነገር የለውም።

መጀመሪያ የእጅ ሥራ መሆኑን አረጋግጡ። ገበያው ጥለት በታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ተሞልቷል። ገልብጡት። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዘዝ ይላል፣ በእጅ የገባ ጥለት ግን ክሩ በጀርባም ይታያል። ስፋቱንም እዩ። ሸማኔ ክሩን የያዘውን መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚቀባበል ጨርቁ ክንዱ ከሚደርስበት አይሰፋም፣ ለዚህ ነው ጋቢ መሃሉ ላይ ስፌት የሚኖረው። ድሩ (በቁመት የሚዘረጋው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) ፈትል፣ ማለትም በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ቢሆን ግን ተታለልኩ አትበሉ፤ የተለመደ አሠራር ነው። ማጉ እውነት ፈትል ከሆነ ወፈር ቀጠን ይላል፣ ፈታይዋም ከገንዘባችሁ ይደርሳታል።

ከዚያ በቀጥታ እዘዙ። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ዋናው መንገድ ላይ የምታገኙት በብዛት ነጋዴ ነው፣ ሸማኔዎቹ ከኋላ ሰፈር ውስጥ ናቸው፣ ብዙዎቹም ከጋሞ ደጋ የመጡ። የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ግቡ። ስታዝዙ ደግሞ ቀብድ ስጡ፣ እሱም ደህና ቀብድ። ሸማኔው ክር መግዣ ሲያጣ ከነጋዴ ይበደራል፣ ከተበደረ በኋላ ዋጋውን የሚቆርጥለት ያው ነጋዴ ነው። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት እንኳ ገዢዎች ለእጅ ሥራ፣ ከተጠየቁ፣ ቢያንስ 50 በመቶ ያለ ወለድ ቀድመው እንዲከፍሉ ይላል።

ዋጋው ላይ እንዲህ አስቡ፦ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ክሩስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከዋጋው ላይ የክሩን ቀንሱና ለቀኑ አካፍሉት። የሚወጣው ከአንድ የቀን ሠራተኛ ክፍያ ካነሰ መከራከሩን ተዉትና ጨምሩ። ከሱቅ ነጋዴ ጋር ከሆነ ግን እንደልባችሁ ተከራከሩ፣ እሱ ያውቅበታል!

አንድ ደስ የማይል ነገር አለ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት የሚመረቱ ዕቃዎች ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ሰፍሯል። ልጅ ከትምህርት መልስ ለአባቱ ክር ቢያጠነጥን ሌላ ነገር ነው። አስተምረዋለሁ ተብሎ ከገጠር መጥቶ ሙሉ ቀን ሲሸምን የሚውል ልጅ ግን አለ። የሚሠራበትን ቤት ሳታዩ ብዙ ቁራጭ አትዘዙ፣ "ግባና እይ" የማይል ሰው ካጋጠማችሁም እለፉት።

ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት ወር ቀድማችሁ ተናገሩ። ሳምንት ሲቀረው የመጣ ትእዛዝ የሚሞላው በሌሊት ሥራ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ቀብዱን በዘመድ ላኩና ሙሉው ከመሸመኑ በፊት የጥለቱን ናሙና ትንሽ ቁራጭ ሠርቶ ከፊትና ከጀርባ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ለናሙናው ለብቻው ክፈሉ፣ እሱም ሥራ ነው።