የፔሳሕ እንግዳችሁ ሁዳዴ ጿሚ ከሆነ
ደብረ ብርሃን አካባቢ ሆናችሁ ክርስቲያን አማች ወይም አዲስ ሰው ለፔሳሕ (ለአይሁድ ፋሲካ) ማዕድ የምትጠሩ፣ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። የኛ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ድፎ ዳቦ ወይም የገብስ ጠላ ይዞ ከች ይላል። ሁለቱም ከቦካ እህል ስለሚሠሩ በፔሳሕ ሰሞን ቤት አይገቡም። «ቡና ወይም ብርቱካን ይበቃል» በሉት።

በዓሉ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ስለሚውል ሥጋውን አይነካላችሁም። ድንች ወጥ በዘይት ሥሩለት፤ ጭልፋውም ለብቻ ይሁን።

ቂጣ ስትጋግሩ እንግዳውን ሰዓት አስይዙት፦ ውሃው ዱቄቱን ከነካ ጀምሮ 18 ደቂቃ ሳይሞላ ተጋግሮ ማለቅ አለበት። ዳር ቁጭ ብሎ ከመቁለጭለጭ ይሻለዋል። በማዕዱ ላይ ስለ በዓሉ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች የሚጠይቀው በልማድ ትንሹ ልጅ ነው። የእንግዳው ልጅ ካነሰ እሱ ይጠይቅ፣ በአማርኛ።