ጡረታ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ከግቢው በፊት ካርታው

ሞምባሳ ወይስ ለገጣፎ? ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው በውጭ የሚኖሩ ሰዎቻችን ቡና ላይ ሲገናኙ ይህ ክርክር አይጠፋም። ባሕር እንደሆነ የለንም። የባሕር ነፋስ ያማረው ሰው ጎረቤት አገር መሄዱ ግድ ነው። ኬንያ በሯን አልዘጋችም፤ ዕድሜው ከ35 ዓመት ያላነሰና በዓመት 24,000 ዶላር አስተማማኝ ገቢ ያለው ሰው የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። መሬት ግን ለውጭ ዜጋ ከ99 ዓመት ሊዝ (የረጅም ጊዜ ኪራይ) በላይ አትሰጥም። ሙቀቱ አለ፣ ወባው አለ። ደግሞስ ከሞምባሳ ተነስቶ ለቅሶ የሚደርስ ማን ነው? የብዙዎች ዓይን ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ዙሪያ ያርፋል።

ዙሪያው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ጉልበቱን ለሚያመው ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ከፍታው ቀልድ አይደለም። ለገጣፎ ለከተማው ቅርብ ነው፤ ግቢ ያለው ቪላም አይጠፋም። ቱሉ ዲምቱና ገላን ወደ ቢሾፍቱና አዳማ ለሚመላለስ ይመቻሉ፤ የከባድ መኪናው ጫጫታ ግን አብሮ ይመጣል። ውሃ ዳር ካልሆነ የሚል ሰው ትንሽ ነድቶ ቢሾፍቱ ይገባል። ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሞቅ ትላለች። ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱም አሉላት። እኔን ከጠየቁኝ ለሽማግሌ ከሁሉም የምትስማማው እሷ ናት። ግን ልብ ይበሉ፦ የአየር ኃይሉ ጣቢያ እዚያው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግዙፉን አዲስ ኤርፖርት የሚሠራውም አጠገቧ አቡሴራ ላይ ነው። ዋጋውም ጸጥታውም እንደነበሩ አይቆዩም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ደላላው "ከከተማው በግማሽ ዋጋ" ሲልዎት ለምን እንደረከሰ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ካርታው፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው፣ ላይ ነው። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ገላን ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የሚተዳደሩት በኦሮሚያ ክልል ሥር በሸገር ከተማ ነው። ከለገጣፎ ትንሽ ወደ ከተማው ከመጡ ደግሞ የአዲስ አበባው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ይጀምራል። ሰፈሮቹ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ ፋይላቸው ግን ያለው የተለያየ ቢሮ ነው። ሻጩ "አዲስ አበባ ነው" ካለ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ይነበብ።

ካርታው ላይ ስሙን ብቻ አይተው አይመለሱ። ስፋቱ መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? አገልግሎቱ መኖሪያ ነው የሚለው? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው? ያ ቀሪ ነገ የእርስዎ ዕዳ ነው። ቀጥሎ ካርታውን የሰጠው ቢሮ በአካል ተሂዶ ዕዳና እገዳ ይጣራል። ፎቶው በቴሌግራም ስለተላከልዎ ተጣርቷል ማለት አይደለም። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርም፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ።

ከገበሬ በውል ወረቀት የተገዛ ቦታን ግን በሩቁ። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ይጠቀምበታል እንጂ አይሸጠውም። ሦስት ምስክር ቢፈርምበትም ያው ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም ለገጣፎ ላይ ቤቶች ሲፈርሱ "ግብር እንከፍል ነበር፣ መብራትም ገብቶልናል" ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ። አላዳናቸውም።

ፓስፖርት የለወጠ ሰው ቤቱን በወንድም ስም ማስገባት የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው፣ ማለትም ቢጫ ካርድ የያዘ፣ ያለ ቪዛ ይኖራል፤ ቤትም በራሱ ስም ይይዛል። ካርዱን መጀመሪያ ያውጡ።

ውጭ ሆነው በሌላ ሰው በኩል የሚገዙ ከሆነ ለውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈርማሉ። ሰነዱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የሰው ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው። ጣጣው ያለው የተዘጋጀው ቅጽ ላይ ነው። "ለመግዛት፣ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ አስይዞ ለመበደር" ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጻፋል፤ ሰውም ሳያነብ ይፈርማል። የሚፈልጉት መግዛት ከሆነ ሌላውን ያሰርዙ። እህትዎን ስላላመኑ አይደለም። እሷም ብትሆን ነገ "ፈርሚልኝ" የሚል ዘመድ ሲመጣባት እምቢ የምትልበት ምክንያት ታገኛለች።

ግብር ላይ ብዙ ሰው የሚጨነቀው በኢትዮጵያው ነው። ቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ አለ፤ የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ዓ.ም ጸድቋል። ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ግን አይልመድብዎ፤ ነገ ሲሸጡ ትርፉ የበዛ ይመስልና ታክሱ እርስዎ ላይ ይመጣል። ጭንቀት ካስፈለገ ይልቅ የሚኖሩበት አገር ሕግ ያስጨንቅዎ። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ታክስ ታስከፍላለች። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሂሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የአሜሪካው የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለታከሙበት በመደበኛነት አይከፍልም። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው በየዓመቱ አይጨምርም፤ ባለበት ይቀራል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ያለ መመለሻ ፈቃድ ከዓመት በላይ ከቆየ ካርዱን ሊያጣ ይችላል። ስለ ምንዛሬ ካነሳን፣ ዶላር እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ብር ለገበያ ተለቀቀና የት እንደደረሰ ያውቁታል። ስለዚህ ጡረታዎን በአንዴ አይመንዝሩት። በባንክ የላኩበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ።

አየር ንብረቱንና ኑሮውን ደግሞ ለገና መጥቶ መመዘን አይቻልም። በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ቤቱን በሐምሌ ይዩት። ኮብልስቶኑ የት ጋ ነው የሚያልቀው? ከዚያ ወዲያ ጭቃው መኪና ያስኬዳል? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መልሱን ከሻጩ አይጠብቁ፤ የጎረቤቱን ጣሪያ ቀና ብለው ይዩ። ሁለትና ሦስት ሮቶ የተደረደረበት ሰፈር ራሱ ይናገራል። አንድ ማታ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መኪና ይዘው እስከሚታከሙበት ሆስፒታል ይሂዱ። ለእኔ ከሐይቁም ከግቢውም በላይ የሚመዝነው ይሄ ነው።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያ መከራየት ይሻላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመትም እንዳያንስ ያዛል። አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም አይችልም። "ዳያስፖራ ስለሆኑ የዓመቱን በአንዴ ይክፈሉ" የሚል ካጋጠመዎት ይህንኑ ይንገሩትና ሌላ ቤት ይዩ።